የትምህርት ማስታወሻን በስልክ መያዝና ማደራጀት፤ ከአባቶች የአጻጻፍ ሥርዓት የምንማረው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጌታችን በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ ሕዝቡን ከመገበ በኋላ፣ አንዳች እንዳይጠፋ የተረፈውን ቍርስራሽ እንዲሰበስቡ ደቀ መዛሙርቱን አዝዟቸዋል፤ እነርሱም ዐሥራ ሁለት መሶብ ሞልተው አንሥተዋል (ዮሐ. 6፥12-13)። ጥቂቱን እንጀራ ማብዛት የሚቻለው አምላክ ትርፍራፊው ይሰብሰብ ማለቱ፣ በጸጋ የተሰጠን ነገር በቸልተኝነት መጥፋት እንደሌለበት ያስተምረናል። ከመምህራን የምንሰማው ትምህርት፣ ከመጻሕፍት የምናገኘው ምሥጢር፣ ከአረጋውያን የምንቀበለው የአጥቢያ ታሪክም እንዲሁ መሰብሰብ ያለበት ቍርስራሽ ነው። በዚህ ጽሑፍ ብዙዎቻችን በእጃችን የያዝነውን ስልክ ለዚህ ተግባር እንዴት ልንጠቀምበት እንደምንችል፣ ከአባቶቻችን የአጻጻፍ ሥርዓት ጋር እያገናዘብን እንመለከታለን።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ የራሴ ቸልተኝነት ነው። በማገለግልባት በአረርቲ ከተማ አንድ አረጋዊ መሪጌታ ነበሩ። ከሠርክ ጸሎት በኋላ ተቀምጠው ስለ አጥቢያው አመሠራረት፣ ቀድሞ ስላገለገሉ ካህናት፣ ስለ ንዋያተ ቅድሳቱ አመጣጥ ያጫውቱኝ ነበር። እኔም የነገሩኝን ባገኘሁት ላይ እጽፍ ነበር፤ አንዱን በደረሰኝ ጀርባ፣ ሌላውን በደብተር ጠርዝ፣ ሌላውን በስልኬ ላይ። እርሳቸው ካረፉ በኋላ የሰንበት ትምህርት ቤቱ የአጥቢያውን ታሪክ በአንድ ጥራዝ ለማዘጋጀት ሲነሣ ወረቀቶቹን ፈለግሁ። ከግማሽ የሚበልጡት አልተገኙም፤ ስልኩም ቀደም ብሎ ተበላሽቶ በውስጡ የነበረው ሁሉ ጠፍቶ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ግን የተገኘው ነው፤ ቀን የለውም፣ የሰሙትን ከማን እንደ ሰሙት አይናገርም፣ የእርሳቸው ቃል የትኛው፣ የእኔ ግምት የትኛው እንደ ሆነ መለየት አልቻልሁም። የጻፍሁት ነገር በእጄ እያለ ልመሰክርበት አልቻልሁም።

እንዲህ ያለው ጉዳት በታሪክ ብቻ የሚወሰን አይደለም። በዐውደ ምሕረት የሚያስተምር ሰው «አንድ አባት እንዲህ ብለዋል» ሲል፣ አድማጩ የትኛው አባት፣ በየትኛው መጽሐፍ ብሎ ቢጠይቀው መልስ ሊኖረው ይገባል። መልስ ከሌለው፣ የሰማውን ሁሉ ሳያጣራ የሚያስተላልፍ ሰው ይሆናል። ቅዱስ ሉቃስ ወንጌሉን ሲጀምር ነገሩን ከመጀመሪያው በጥንቃቄ እንደ ተከታተለና በየተራው እንደ ጻፈ ገልጿል (ሉቃ. 1፥1-4)። መመርመር፣ በተራ ማስቀመጥና መጻፍ ከእርሱ የተማርነው ሥርዓት ነው።

1. አባቶቻችን ጽሑፍን እንዴት ያደራጁ ነበር?

ማስታወሻን ማደራጀት ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ጥበብ የሚመስላቸው አሉ። ነገር ግን የቤተ ክርስቲያናችንን መጻሕፍት ያየ ሰው፣ ሊቃውንቱ ለሚፈለገው ነገር ቶሎ መድረሻ መንገድ እንዳዘጋጁ ይረዳል። ስንክሳር የቅዱሳንን ዜና በወርና በቀን ከፍሎ ያስቀምጣል። ግጻዌ ለየበዓሉና ለየሰንበቱ የሚነበበውን መልእክት፣ የሚሰበከውን ምስባክና ወንጌል፣ የሚቀደሰውን ቅዳሴ በየዕለቱ ይዘረዝራል። የቅዱስ ያሬድ ድጓም በዘመናት ተከፍሎ የተዘጋጀ ነው። ጸሐፊዎች በቀይ ቀለም ርእስንና የቅዱሳንን ስም ከሌላው ጽሑፍ ይለዩ ነበር።

ከዚህም በላይ፣ በብዙ ገዳማትና አድባራት የርስት ስጦታ፣ የንዋያተ ቅድሳት ዝርዝርና የውል ቃል የሚጻፈው በወንጌሉ ባዶ ቅጠሎች ላይ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ወንጌል በቤተ ክርስቲያኑ ከሁሉ ይልቅ የሚከበርና የሚጠበቅ መጽሐፍ ነው። የማይጠፋው ነገር በማይጠፋው ቦታ ይጻፍ ነበር ማለት ነው። እኔ የመሪጌታን ቃል በደረሰኝ ጀርባ ስጽፍ የጣስሁት ይህን ሥርዓት ነው።

2. ከሸንኮራ የተገኙት ሊቅ

ለዚህ ጉዳይ ትልቅ አብነት የሚሆኑን ሊቅ ከዚሁ ከአካባቢያችን የተገኙ ናቸው። አረርቲ ዋና ከተማው በሆነችለት በምንጃርና ሸንኮራ ወረዳ፣ ሸንኮራ ሲባል ብዙ ምእመናን የሚያስታውሱት የቅዱስ ዮሐንስን ጠበል ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም እ.ኤ.አ. በ1931 የተወለዱት በሸንኮራ ነው። በካይሮ የነገረ መለኮት ትምህርት ተምረው፣ በጀርመን ቱቢንገን የዶክትሬት ትምህርታቸውን አጠናቀው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1975 የደርግ ወታደሮች ባደረሱባቸው የጥይት ጉዳት ከወገባቸው በታች መንቀሳቀስ ተሳናቸው። ከዚያ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄደው እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ በተሽከርካሪ ወንበር ኖረዋል። ያረፉት እ.ኤ.አ. በ2021 ነው።

በዚያ ሁኔታ የሠሩት ሥራ የብራና መጻሕፍትን ዝርዝር ማዘጋጀት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው መርሐ ግብር በአገራችን አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት የሚገኙ ከ8,000 በላይ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። የፊልሙ ቅጂ በአዲስ አበባም፣ በሚኒሶታ ኮሌጅቪል በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍትም ተቀምጧል። ከቍጥር 1 እስከ 5000 ያሉት በ10 ጥራዞች ተዘርዝረዋል፤ አብዛኞቹን ጥራዞች ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ጌታቸው ናቸው።

የዝርዝሩ አሠራር ለእኛ ትምህርት ነው። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ቍጥር ይሰጠዋል፤ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ንብረት እንደ ሆነ፣ መጠኑ፣ የቅጠሉ ብዛት፣ የተጻፈበት ዘመን፣ በውስጡ ያሉት ድርሳናት ከየትኛው ቅጠል እስከ የትኛው እንደሚደርሱ፣ በኅዳጉ የተጻፈው ማስታወሻ ሳይቀር ይመዘገባል። ፊልሙ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሺሕ የሚቈጠሩ መጻሕፍት ተከማችተው የሚፈልጋቸውን ሰው ባላገለገሉ ነበር። ዝርዝሩ ስላለ ግን አንድ ተመራማሪ የአንድን ቅዱስ ገድል በየትኛው መጽሐፍ፣ በየትኛው ቅጠል እንደሚያገኝ ያውቃል። በስልካችን ውስጥ በመቶ የሚቈጠር ፎቶግራፍ፣ የድምፅ ቅጂና ጽሑፍ ያለን ሰዎች የጐደለን ይህ ዝርዝር ነው።

3. የትኛውን መተግበሪያ እንምረጥ?

የማስታወሻ መተግበሪያ የሚባለው ጽሑፍን፣ ፎቶግራፍንና ድምፅን በአንድ ቦታ ይዞ፣ በርእስ ለመለየትና በቃል ለመፈለግ የሚያስችል የስልክ ወይም የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። በብዛት የሚታወቁት ጎግል ኪፕ፣ ዋንኖት፣ ኤቨርኖት፣ ኖሽንና ኦብሲዲያን ናቸው። ጎግል ኪፕ ቀላል ነው፤ ማስታወሻዎችን የሚለየው በመለያ ቃልና በቀለም ነው። ዋንኖት እንደ ደብተር ነው፤ ደብተር፣ ክፍልና ገጽ አለው፤ ለተከታታይ ትምህርት ዝግጅት ይመቻል። ኦብሲዲያን ጽሑፉን በራሱ በስልኩ ወይም በኮምፒዩተሩ ላይ በተራ የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣል፤ ኢንተርኔት በሌለበትም ይሠራል፤ አንዱን ማስታወሻ ከሌላው ጋር ለማያያዝም ያስችላል።

ብዙ አገልጋዮች በቴሌግራም ለራሳቸው መልእክት እየላኩ ማስታወሻ ይይዛሉ። ለፈጣን መያዣነት መልካም ነው፤ ነገር ግን ነገሮቹ በመጡበት ተራ ብቻ ስለሚደረደሩ ከዓመት በኋላ መፈለግ አድካሚ ይሆናል፤ ሒሳቡም ከስልክ ቍጥር ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ ቍጥሩን ያጣ ሰው ሊቸገር ይችላል። ስለዚህ ቴሌግራምን እንደ አውድማ እንየው፤ እህሉ ተወቅቶ ወደ ጎተራ መግባት አለበት።

ስንመርጥ ልንጠይቀው የሚገባው ዋና ጥያቄ፣ የጻፍሁትን ሁሉ በፈለግሁ ጊዜ አውጥቼ ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ እችላለሁን? የሚለው ነው። ኤቨርኖት እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ላይ በነፃ የሚጠቀሙ ሰዎች ከ50 የሚበልጥ ማስታወሻ እንዳይዙ ወስኗል። መተግበሪያ የሌላ ሰው ቤት ነው፤ የቤቱ ሕግ ሊለወጥ ይችላል።

4. በእያንዳንዱ ማስታወሻ ላይ ምን ይጻፍ?

መተግበሪያው የቱም ይሁን፣ ማስታወሻውን ማስታወሻ የሚያደርገው በውስጡ የሚጻፈው ነው። እኔ ከደረሰብኝ በኋላ አምስት ነገር ሳልጽፍ ማስታወሻ አልዘጋም።

የመጀመሪያው ርእስ ነው፤ «ትምህርት» ከማለት «ስለ መጻጕዕ የ38 ዓመት ደዌ» ማለት ይሻላል። ሁለተኛው ቀን ነው፤ ዓመቱን አስቀድሞ፣ ከዚያ ወሩን፣ ከዚያ ዕለቱን በቍጥር መጻፍ ይገባል። መስከረም 01፣ ጳጉሜን 13 ብለን ብንቈጥራቸው መተግበሪያው ራሱ በተራ ያሰልፋቸዋል። ሦስተኛው ምንጭ ነው፤ መጽሐፍ ከሆነ የመጽሐፉ ስም፣ የታተመበት ዓመትና ገጹ፣ ከሰው የተሰማ ከሆነ የተናገረው አባት ስም፣ የት እንደ ተናገሩትና እርሳቸው ከማን እንደ ሰሙት። አራተኛው ቃሉ ነው፤ እንደ ተነገረ ወይም እንደ ተጻፈ ሳይጨመርበትና ሳይቀነስለት ይቀመጣል። አምስተኛው የራሳችን አሳብ ነው፤ ይህ ከቃሉ ተለይቶ፣ «የእኔ አሳብ» ተብሎ ከታች ይጻፋል።

የአራተኛውና የአምስተኛው መለየት ከሁሉ ይበልጣል። የምንጃር ገበሬ ለዘር የሚሆነውን ጤፍ ከሚሸጠውና ከሚበላው ለይቶ ያስቀምጣል፤ ከተደባለቀበት የሚቀጥለው ዓመት አዝመራ ይበላሽበታል። የአባቶች ቃልና የእኛ ግምት ከተደባለቀም፣ ከእኛ የሚማረው ትውልድ የትኛውን እንደሚዘራ አያውቅም።

5. በቤተ ክርስቲያን ዘመን ማደራጀት

መተግበሪያዎቹ ማስታወሻን የሚያሰልፉት በአብዛኛው በተጻፈበት ቀን ነው። ይህ ለስብከት አገልግሎት አይበቃም። የቅዱሳን በዓላትና እንደ ልደትና ጥምቀት ያሉት በዓላት ቀናቸው የታወቀ ነው፤ ዐቢይ ጾምና ትንሣኤ ግን በባሕረ ሐሳብ ስሌት በየዓመቱ ይዘዋወራሉ። አምና ለምኵራብ ያዘጋጀነውን ትምህርት ዘንድሮ በቀኑ ብንፈልገው አናገኘውም።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት መለያ ያስፈልጋል። ለማይዘዋወረው በወርና በቀን፤ ለሚዘዋወረው በሳምንቱ ስም፤ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኵራብ፣ መጻጕዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሣዕና እያሉ። በዚህ ላይ ሦስተኛ መለያ ቢጨመር መልካም ነው፤ ይኸውም የምሥጢሩ ርእስ ነው፤ ንስሐ፣ ቅዱስ ቍርባን፣ ተክሊል፣ ጾም፣ ነገረ ማርያም የመሳሰለው። አንድ ማስታወሻ በብራና ዘመን በአንድ ማኅደር ብቻ ይቀመጥ ነበር፤ በመተግበሪያ ግን ሳይገለበጥ በሦስቱም መለያ ሊገኝ ይችላል። በዚህ ረገድ ስልኩ የሰጠን ጥቅም እውነተኛ ነው።

መለያዎቹ ግን ጥቂት ይሁኑ። በየዕለቱ አዲስ መለያ የሚፈጥር ሰው በመጨረሻ የመለያዎቹን መለያ ይፈልጋል።

6. የፊደላችን ነገር

በአማርኛና በግእዝ የሚጽፍ ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ችግር አለ። መተግበሪያ ቃልን የሚፈልገው በፊደሉ መልክ እንጂ በድምፁ አይደለም። «ጸሎት» ብለን ጽፈን «ፀሎት» ብለን ብንፈልግ፣ በአብዛኞቹ መተግበሪያዎች የለም ይለናል። ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ ለእርሱ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «፲፪» እና «12»ም እንዲሁ።

መፍትሔው የቤተ ክርስቲያንን የአጻጻፍ ሥርዓት ጠብቆ በአንድ መንገድ መጻፍ ነው። ይህ ለመፈለግ ብቻ ሳይሆን ለትርጕምም ይጠቅማል። በግእዝ «ሰአለ» ለመነ ሲሆን «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ ነው፤ «ሰረቀ» የሌባ ሥራ ሲሆን «ሠረቀ» የፀሐይ መውጣት ነው። የተጠራጠርነውን ቃል ደግሞ ከማስታወሻው ግርጌ በሁለቱም ፊደል ብንጽፈው ፍለጋውን ያቀልልናል።

ሌላው የቀድሞ ጽሑፎች ጕዳይ ነው። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ከተካተተ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ሲሆን፣ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች በቀድሞው የፊደል ቅርጽ የተጻፉ ብዙ የሰንበት ትምህርት ቤት ጽሑፎች አሉ። እነዚህ በስልክ ሲከፈቱ ትርጕም የለሽ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። በኮምፒዩተራችሁ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ካላችሁ የሚያነብበው ፕሮግራም ሳይጠፋ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት፤ ቢያንስ አትማችሁ አስቀምጡት።

7. ሁለተኛ ቅጂ

ነቢዩ ኤርምያስ የተናገረውን ባሮክ በቀለም በክርታስ ጻፈው። ንጉሡ ኢዮአቄም ግን ክርታሱን በካራ እየቀደደ በምድጃው እሳት አቃጠለው። እግዚአብሔርም ሌላ ክርታስ እንዲወሰድና የቀድሞው ቃል ሁሉ እንዲጻፍበት አዘዘ፤ በላዩም ብዙ ቃል ተጨመረበት (ኤር. 36)። የባሮክ መጽሐፍ ዳግመኛ ሊጻፍ የቻለው ነቢዩ በሕይወት ስለ ነበረ ነው። እኔ የተማርሁባቸው መሪጌታ ግን አርፈዋል፤ ዳግመኛ ሊነግሩኝ አይችሉም።

ስለዚህ ዋና ዋና ማስታወሻዎች በሦስት ቦታ ይኑሩ፤ በስልኩ፣ በኢሜይል ሒሳብ በኩል በኢንተርኔት በሚቀመጠው ቅጂ፣ እንዲሁም በፍላሽ ወይም በወረቀት። በወር አንድ ቀን ወስኖ ወደ ፍላሽ መገልበጥ ሰዓት አይፈጅም። መብራትና ኔትወርክ በሚቋረጥባቸው ቦታዎች በኢንተርኔት ብቻ መታመን አይገባም። ለአጥቢያው የሚጠቅመው ታሪክ ደግሞ ታትሞ በሰንበት ትምህርት ቤቱ ወይም በሰበካ ጉባኤው መዝገብ ቤት ቢቀመጥ፣ የእኛ ሕይወት ቢያልፍም እርሱ ይኖራል።

8. ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች

አንደኛ፣ የሰው ምሥጢር በስልክ አይጻፍ። ምእመናን በጭንቀታቸው የሚያካፍሉን ነገር ሁሉ፣ ይልቁንም ከንስሐ ጋር የተያያዘ ነገር፣ ስም ቢጠቀስም ባይጠቀስም በማስታወሻ መተግበሪያ ውስጥ ቦታ የለውም። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ለጥገና በሌላ ሰው እጅ ይገባል።

ሁለተኛ፣ የንዋያተ ቅድሳትና የብራና መጻሕፍት ፎቶግራፍ ያለ ሰበካ ጉባኤው ፈቃድ አይነሣ፤ በፈቃድ የተነሣውም የሚቀመጥበት ቦታ ከተገለጸበት ጽሑፍ ጋር በየቡድኑ አይላክ። ቅርስን የሚሰርቁ ሰዎችም ያነብባሉና። ከአረጋውያን የሚቀዳ ድምፅም በፈቃዳቸው ይሁን።

ሦስተኛ፣ ማስታወሻ የልብን ቦታ አይውሰድ። በአብነት ትምህርት ቤት ደቀ መዝሙሩ ዳዊቱን ይደግማል፣ ዜማውን በቃሉ ያጠናል፤ በቅኔ ቤትም ቅኔውን በልቡናው ቈጥሮ ለመምህሩ ያቀርባል። በልብ የተጻፈው መብራት ሲጠፋም ይነበባል። ስልካችን ውስጥ ስለ ጸሎት የተጻፉ መቶ ማስታወሻዎች እያሉ ሳንጸልይ ብንውል፣ የሰበሰብነው ለሌላ ሰው ነው። በቅዳሴ ጊዜም ማስታወሻ ለመያዝ እንኳ ቢሆን ስልክ አይከፈት፤ የሰማነውን ከወጣን በኋላ መጻፍ እንችላለን።

9. ከየት እንጀምር?

የተበታተነውን ሁሉ በአንድ ቀን ለማደራጀት የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ይሰለቻል። የሚሻለው ከዛሬ የሚጻፈውን በሥርዓት መጀመርና የቀድሞውን በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ማስገባት ነው። ለስብከት ወይም ለጽሑፍ ስንዘጋጅ በመለያው እንፈልጋለን፤ የተገኙትን ማስታወሻዎች አንድ በአንድ ምንጫቸውን እናረጋግጣለን፤ ከዚያ በአዲስ ገጽ በተራ እናስቀምጣቸዋለን፤ በመጨረሻም ለመምህር ወይም ለአባት አሳይተን እናርማለን። ይህ የመጨረሻው እርምጃ በየትኛውም መተግበሪያ ሊተካ አይችልም።

ይልቁንም በየአጥቢያችሁ ካሉት አረጋውያን አባቶችና እናቶች መካከል ብዙ የሚያውቁትን አስቡ። በሚመጣው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ወደ እርሳቸው ቀርባችሁ፣ ጉልበት ስማችሁ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። የነገሯችሁን በዚያው ቀን ቀኑንና ስማቸውን ጨምራችሁ ጻፉ፤ ጽፋችሁም መልሳችሁ አንብቡላቸው፤ የተሳሳተውን ያርሙላችሁ። እኔ ለመሪጌታ ይህን አላደረግሁም። አሁን ግን በሕይወት ካሉት አባቶች ዘንድ ስቀመጥ የነገሩኝን መልሼ ሳላነብብላቸው አልነሣም።

ቅዱስ ጳውሎስ በእስር ሆኖ የሕይወቱ ፍጻሜ በቀረበ ጊዜ እንኳ መጻሕፍቱንና ብራናዎቹን እንዲያመጣለት ጢሞቴዎስን አሳስቧል (2ኛ ጢሞ. 4፥13)። እኛም በእጃችን የተሰጠውን መሣሪያ ለጥፋትና ለከንቱ ወሬ ሳይሆን፣ የተቀበልነውን አደራ ሳናጐድል ለሚቀጥለው ትውልድ ለማስተላለፍ እንድንጠቀምበት የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ጸሎት ይርዳን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።